ከደኑ ጀርባ ያለው ጓሮ፦ እንሰትና የካፋ ታሪክ

ስለ ካፋ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ደኑ ነው፤ ከደኑም ቡናው። ቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን የከበበው ደንም በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የጥንቱ የካፋ መንግሥት ታሪክ ሲተረክም ወደ ሰሜን በሚሄዱ ቅፍለቶች ላይ ተጭነው የወጡት የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና ቡና፣ አብረዋቸውም የተነዱት ባሮች ይዘረዘራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይታለፋል። በቃል ታሪክ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከ 19ኛው ማብቂያ ድረስ በሚንጆ ሥርወ መንግሥት ሥር የቆየው አገር ምን እየበላ ኖረ? ቡና አያጠግብም፤ ዝባድም አይበላም። ታቶ ተብሎ የሚጠራውን ንጉሥ፣ ሚክሬቾ የሚባሉትን አማካሪዎቹን፣ ወታደሩንና ገበሬውን ያቆመው ምግብ የበቀለው በየቤቱ ጓሮ ነው። የጓሮው ዋና ተክል ደግሞ እንሰት ነበር። የካፋን መንግሥት ረጅም ዕድሜም ሆነ ከውድቀቱ በኋላ የደረሰበትን ከባድ ጉዳት ለመረዳት ከደኑ ይልቅ ጓሮውን መመርመር ይሻላል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ክርክር ነው።

ጓሮው ሲታይ ተራ ይመስላል። ከቤቱ ጀርባ እንሰት እንደ ዕድሜው ተራ በተራ ቆሟል፤ በአቅራቢያው ጎደሬና ቦዬ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ፣ በጥላው ሥር ቡናና ጎመን ይበቅላሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያስተሳስራቸው በዘር አለመዘራታቸው ነው፤ የሚተከሉት ከሥር፣ ከቡቃያ ወይም መሬት ውስጥ ካበጠው አካላቸው ተቆርጠው ነው። በከተማ ግቢ የአማሪሊስ አበባን የሚተክል ሰው የዚህን ጥበብ ጠርዝ ያውቀዋል፤ ሽንኩርት የሚመስለው የአበባው ሥር ስንቁን ከመሬት በታች ያከማቻል፣ ተካዩም በዚያ ክምችት ይጠቀማል። የእንሰት ገበሬ ይህንኑ ጥበብ ወደ ምግብ ለውጦታል። ለማራባት የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያለው ተክል ይመረጥና ግንዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። አምቾው፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለው ያበጠ አካሉ፣ መሐል ለመሐል ያለው ማደጊያ እምብርቱ ወጥቶ አንዳንዴም ለሁለት ተሰንጥቆ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ይቀበራል። ከአንድ አምቾ በአማካይ ከ40 እስከ 200 የሚደርሱ ቡቃያዎች ይወጣሉ። ችግኞቹ በየጊዜው እየተነቀሉ፣ እየተራራቁም ይተከላሉ፤ ለምግብ የሚደርሱት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እንሰት በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ስለዚህ ባለሙያው የተከማቸው ምግብ ወደ አበባና ፍሬ ከመሄዱ በፊት፣ ሊያብብ ሲል ይቆርጠዋል። ቅጠል እግሩ ተፍቆ አምቾውም ተከትክቶ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይብላላል፤ ቆጮውና ቡላው የሚገኙት ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ራሱ ተክሉ ነው። በካፋ ደን ውስጥ፣ በተለይ በወንዝ ዳርና እርጥበት ባለበት ሸለቆ፣ ማንም ያልተከለው የዱር እንሰት አለ፤ እርሱ የሚራባው በፍሬው ነው። የጓሮው ደግሞ በአምቾው። ሁለቱ የሚለያዩት በጥቂት እርምጃ ርቀት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የዘረመል ጥናት ከቦንጋ አካባቢ የተወሰዱ የዱር እንሰቶችን ከሚታረሱት ጋር አነጻጽሮ በሁለት የተለያዩ ወገኖች እንደሚመደቡ አሳይቷል፤ የዛሬዎቹ የጓሮ ዝርያዎችም ከጥቂት የዱር ቅድመ አያቶች የወጡ ይመስላሉ ብሏል። ይህ ለታሪክ የሚናገረው ብዙ ነው። ደኑና ጓሮው ጎን ለጎን እየኖሩ ሳይቀላቀሉ ከቆዩ፣ ያለያያቸው የሰው ምርጫ ነው፤ ገበሬው ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈው በስም የሚያውቀውን፣ ጣዕሙን፣ ብስለቱንና በሽታ መቋቋሙን የፈተነውን ተክል ነው። ታዲያ ሁለቱ ከተለያዩ የጓሮው እንሰት ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን አይችልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይችላል፤ ጥናቱ የመጀመሪያው ተክል የት እንደተላመደ አይወስንም። ክርክሬ ግን በመነሻ ቦታው ላይ አይቆምም። ከየትም ይምጣ፣ በካፋ ጓሮ ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ መቆየቱ የሚያረጋግጠው ጓሮው የደኑ ቅጥያ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሰው ሥራ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከመሬት ቁፋሮ ይጠበቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን የተክሉ ጠባይ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ኤልሳቤት ሂልደብራንድና የሥራ ባልደረቦቿ በካፋ የአርኪዮሎጂ ፕሮጀክት በኩል ኩማሊ የሚባለውን የዓለት ጥላ ቆፍረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የድንጋይ መሣሪያ፣ የእንስሳት አጥንትና የከሰለ ፍሬ ይገኛል። እንሰት ግን ለቁፋሮ የሚመች ምግብ አይደለም። ገብስና ስንዴ በእሳት አጠገብ ወድቀው ከስለው ሺህ ዓመት ይቆያሉ፤ እንሰት ሳያፈራ ይቆረጣል፣ ለስላሳ አካሉ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ የቀረው ተረፈ ምርት ወደ ፍግ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ አገር የጥንት እርሻ ታሪክ ውስጥ እህል ጎልቶ እንሰት ቢጠፋ፣ ልዩነቱን የፈጠረው የተበላው መጠን ሳይሆን የሚበሰብሰውና የማይበሰብሰው መለያየታቸው ሊሆን ይችላል። ዝምታውን እንደ ማስረጃ አድርጌ እንሰት በካፋ ይህን ያህል ሺህ ዓመት ኖሯል ማለት አልችልም። ግን በዝምታው ተነሥቶ አልነበረም ማለትም እንዲሁ ስህተት ነው። ሂልደብራንድ በካፋ አጎራባች በሸኮ ሕዝብ ዘንድ ያደረገችው ጥናት የዱር ቦዬና እንሰት በገበሬ እጅ እንዴት እንደሚያዙ ሲመረምር፣ ተክልን ማላመድ አንድ ቀን የተፈጸመ ድርጊት ሳይሆን ዛሬም በየጓሮው ጫፍ የሚቀጥል ልማድ መሆኑን እንድናስብ ያደርጋል።

የጽሑፍ ምንጮች ሲመረመሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምታ ይገጥማል። ስለ እንሰት በውጭ ሰው የተጻፈው የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንሰት በናርያ፣ ማለትም በካፋ ጎረቤት በእናርያ፣ የብዙ ሰው ምግብ እንደሆነ ጽፏል። ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የተክሉን ሥዕል አስገብቶ የመጣው ከናርያ ነው እንደሚባል መዝግቧል። በጎንደር ዘመን በሰሜኑም ደቡብ ምዕራቡ የእንሰት አገር መሆኑ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የካፋ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የተጻፈው በሩቅ ሆኖ ነው። ቻርለስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጎጃም ተቀምጦ ነጋዴዎችን ይጠይቅ ነበር፤ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ደርሶ የቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ሚሲዮናዊው ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 ኖሮ ተባረረ። ከነጋዴ የሚሰማ ሰው የሚጽፈው ነጋዴ የሚጭነውን ነው። ቆጮ ከባድና እርጥብ ነው፤ በበቅሎ ጭኖ የወራት መንገድ አቋርጦ ባሶ ገበያ ላይ ለመሸጥ የሚነሣ ነጋዴ የለም። ኮረሪማ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ግን ሸክማቸው ቀላል፣ ዋጋቸው ውድ ነው። አገሩን ያቆመው ምግብ እዚያው ተበልቶ አለቀ፤ ከአገሩ የወጣው የደኑ ሀብት በነጋዴ መዝገብ ሰፈረ። በኋላ ታሪክ ጸሐፊው መዝገቡን ሲከፍት ያገኘው ደን ብቻ ሆነ።

ለዚህ ዝምታ ሌላም ምክንያት አለ። እንሰቱን የመትከልና የመንቀል ሥራ ወንዶች ቢካፈሉትም፣ የመፋቁ፣ የመክተቱ፣ ጉድጓዱን የመጠበቁና ቆጮውን ለቤተሰቡ የማብቃቃቱ ኃላፊነት በእንሰት አገር ሁሉ የሴቶች ነው። የንጉሥ አደባባይ፣ የጦር ሜዳና የገበያ ጎዳና የወንዶች መድረክ ስለነበሩ መንገደኛ የሚያነጋግረውም ወንዶችን ነበር። የቆጮው ጉድጓድ ያለበት ጓሮ ደግሞ ለእንግዳ የሚታይ ስፍራ አይደለም። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ የታሪክ አጻጻፍ ውስጥ በሬ ጠምዶ እህል መዝራት የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ በእጅ መሣሪያ የሚሠራው የእንሰት እርሻ እንደ ኋላቀር ተቆጥሮ ሳይመረመር ታልፏል። በጊዜ ስሌት ግን ከጓሮው የሚበልጥ ረቂቅ ዕቅድ የሚጠይቅ እርሻ ጥቂት ነው። በየዓመቱ የሚቆረጠውን የሚተካ ችግኝ ያስፈልጋል፤ ዘንድሮ የሚበላው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት የታሰበበት ነው፤ ከብት ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ እንሰት ይቀጭጫል። ተክሉ፣ ከብቱና የቤተሰቡ የብዙ ዓመት ሐሳብ የተሳሰሩት በዚህ መልክ ነው።

ይህ የጊዜ ስሌት ወደ ፖለቲካው ይወስደናል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት የደቡብ ምዕራቡን ካርታ ሲቀይር የእናርያ መንግሥት ጠፋ፤ ካፋ ግን ከጎጀብ ወንዝ በስተደቡብ ራሷን ጠብቃ ቀረች። ጠረፏን በጥልቅ ቦይና በአጥር ዘግታ፣ በሮቿን በዘበኛ አስጠብቃ፣ የውጭ ነጋዴን እንቅስቃሴ ወስና ኖረች። ለዚህ ጽናት ተራራው፣ ጥቅጥቁ ደንና የመንግሥቱ አደረጃጀት ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም ለእንሰት መስጠት ማጋነን ይሆናል። ሆኖም በሩን ዘግቶ የሚኖር አገር በሩን ዘግቶ መብላትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 በእንሰት ላይ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ የደረሱ እንሰቶች፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ ቆመው፣ አምስት ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ለዓመት ሊመግቡ እንደሚችሉ ያሰላል። ይህን ያህል ምግብ ከቤት ጀርባ መቆሙ የሚሰጠው ነጻነት ትልቅ ነው። ዝናብ አንድ ዓመት ቢያንስ እንሰቱ አይሞትም፤ የመከር ወር ስለሌለው ሲያስፈልግ ይቆረጣል፤ በጉድጓድ የተከተተው ቆጮም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ጎተራው ቆሞ የሚያድግ ተክል ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚመጣው ተገቢ ተቃውሞ ካፋ እህልም ታበቅል ነበር የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላና ሌላም እህል ይታረስ ነበር፣ ዛሬም ይታረሳል። ጎደሬና ቦዬም በብዙ ቤት ከእንሰት እኩል ይበላሉ። ነገር ግን ክርክሩ እንሰት ብቻ ተበላ የሚል አይደለም፤ መተማመኛው ምን ነበር የሚል ነው። እህል መሬት መመንጠርን፣ በየዓመቱ ማረስን፣ ከዝንጀሮና ከከርከሮ መጠበቅን ይጠይቃል፤ አንድ ክረምት ከተበላሸ ዘሩም ያልቃል። እንሰትም ከከርከሮና ከጃርት አያመልጥም፤ ግን ከቤት ደጃፍ ስለሆነ ለጠባቂ ይቀርባል፣ ጉዳቱም የአንድ ዓመትን ምግብ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከሥነ ምግብ ነው፤ ቆጮ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ጓሮው ሁልጊዜ ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ከወተትና ከሥጋ ጋር አብሮ የሚታሰበው። አንድ ተክል ብቻውን ሕዝብ አያቆምም፤ ሕዝብ የሚያቆመው በዚያ ተክል ዙሪያ የተደራጀ ግቢ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ከታሪክ ይመጣል። ጓሮው ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ፣ ካፋ ከ1897ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በኋላ ለምን ባዶ ሆነች? በዚያ ዓመት የራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ጦር፣ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ጦር ተጨምሮበት፣ ካፋን ለወራት ወግቶ በ1890 ዓ.ም መባቻ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ ንጉሡም በእስር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1919 አረፉ። ከድሉ ጥቂት ወራት በኋላ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ሰው የራቀው አገርና በየቤቱ ፍራሽ ዙሪያ የተበተነ የሰው አጥንት ማየቱን ጽፏል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ሲደርስም ያጠናው ከዚያ ጥፋት የተረፈውን ኅብረተሰብ ነው። መልሱ ያለው በጓሮው ባሕርይ ውስጥ ይመስለኛል። በድርቅ ጊዜ የሚያድነው ነገር በጦርነት ጊዜ ይከዳል። እህል ያለው ሰው ዘሩን በአቁማዳ ይዞ ይሸሻል፤ ሲመለስ በአንድ ክረምት ያጭዳል። የእንሰት ባለቤት ሀብቱ መሬት ውስጥ ተተክሎ የቆመ ስለሆነ ይዞት አይሸሽም። ጦር ቢቆርጠው ወይም ጠባቂ አጥቶ ከርከሮ ቢጨርሰው፣ የተረፈ አምቾ ተገኝቶ እንደገና ቢቀበር እንኳ ምግብ እስኪሆን አራት አምስት ዓመት ይጠይቃል። ከሰው ጋር የሞተው ወይም በባርነት የተነዳው እውቀት ደግሞ ጭራሽ አይበቅልም። የሕዝቡ መመናመን ምክንያቱ ጦርነቱ፣ የባሪያ ፈንጋዩና በሽታው ነው፤ የመልሶ ማገገሙ መዘግየት ግን የእንሰት ዓመታት ስሌት ሳይገባበት ሙሉ ማብራሪያ አያገኝም። ስለዚህ ተቃውሞው ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ይልቁን ጓሮው በካፋ ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ከወደ ጉዳቱ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ዓመት ጓሮውን በሌላ መልክ ፈትኖታል። በገባር ሥርዓት የገበሬው ጉልበትና ምርት ለባለ መሬቱ ሲሄድ ባለ መሬቱ የሚፈልገው እህል፣ ማርና ቡና ነበር፤ በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ይህ ሥርዓት ቢያበቃም ትኩረቱ ለገበያ በሚወጣው ቡና ላይ እንደሆነ ቀጠለ። ከዚህ ጎን ለጎን የመጣው አደጋ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰትን አጠውልግ የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ መዝግበው አሳወቁ፤ ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ ብዙ አገር አሠግቷል። በሽታው በቢላዋና በተበከለ ችግኝ ይተላለፋል፤ ከአምቾ የሚራባ ተክልም የእናቱን ደካማ ጎን እንዳለ ይወርሳል። ይህ የጓሮውን ጥበብ ዋጋ የሚቀንስ ሊመስል ይችላል። የገበሬው የቆየ መከላከያ ግን አንድ ዝርያ ብቻ አለመትከል ነው፤ በአንድ ጓሮ ውስጥ በስም የሚታወቁ ብዙ ዝርያዎች አብረው ይቆማሉ፣ አንዱ ቢጠወልግ ሌላው ይቆያል። ተመራማሪዋ አልማዝ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ባጠናቀቀችው ጥናት ካፋና ሸካን ጨምሮ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተሰበሰቡ 146 የእንሰት ዓይነቶችን በዘረመል ስትመረምር፣ የተለያየ ስም የያዙ አንዳንዶቹ አንድ ሆነው ቢገኙም ብዝኃነቱ ሰፊ መሆኑን አሳይታለች። ያ ብዝኃነት የገበሬዎች ምርጫ ውጤት ነው፤ ገበሬዎቹ መምረጣቸውን ሲያቆሙ እሱም ይጠፋል።

ደኑ ይጠበቅ ማለት ጓሮው ይረሳ ማለት እንዳልሆነ ማንም አይክድም። አንዳንዶች እንዲያውም ደኑና ጓሮው አይለያዩም፣ ኮረሪማና ቡናም በሁለቱም ይበቅላሉ ይሉ ይሆናል፤ ይህን እቀበላለሁ። በተግባር ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ጥብቅ ስፍራው በቀጠናዎች ሲከፈል ሰው የሚኖርበት ጓሮ በውጨኛው፣ ብዙ ልማት በሚፈቀድበት ቀጠና ይወድቃል። ቡናው ሙዚየም አግኝቷል፤ የእንሰቱ ዝርያ ስሞች፣ የመትከያና የመብላላት ጥበባቸው ግን በአብዛኛው በአረጋውያን፣ ይልቁንም በሴቶች አእምሮ ተቀምጧል። ከላይ የተቆጠረው ማስረጃ አንድ ተግባራዊ መደምደሚያ ላይ ያደርሳል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) የታየው ጥፋት እንዳስተማረው፣ ተክል በመሬት ላይ ቢተርፍ እንኳ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ምግብ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ የካፋን ቅርስ መመዝገብ የሚፈልግ ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን የባህል ቢሮ፣ ከደኑ ካርታ እኩል የየጓሮውን የእንሰት ዝርያ፣ የባለሙያዎቹን ስምና አሠራራቸውን መመዝገብ አለበት፤ ሥራውም ባለሙያዎቹ በሕይወት እያሉ መጀመር ይኖርበታል። የካፋ መንግሥት ያለፈ ታሪክ ነው፤ መንግሥቱን ይመግብ የነበረው ሥርዓት ግን ዛሬም እየተሠራበት ስለሆነ፣ ተጠንቶ ሊጠበቅ የሚችል ሕያው ማስረጃ ነው።